የባሕሩን መንገድ በቁጥር ያገኘው ሊቅ፤ ዮሐንስ ሽሚት

እኛ የዋግ ልጆች በተራራ አገር የተወለድን ስለ ሆንን ባሕርን የምናውቀው በካርታ ነው። ነገር ግን ከደጋችን በታች የሚወርደው ተከዜ በሱዳን አልፎ ከዓባይ ጋር ወደ ሜዲቴራንያን ባሕር ይጓዛል። ስለዚህ በዚያ ባሕር ብዙ የደከመውን የዴንማርክ ሊቅ ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

ዮሐንስ ሽሚት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. ተወለደ። በዚያ ዘመን ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ የት እንደሚራባ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጥንቱ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ከጭቃ የሚገኝ መስሎት ነበር። ሽሚት በ1904 በፋሮ ደሴቶች አጠገብ የዚህን ዓሣ አንዲት እጭ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መለካትና መቍጠር ሆነ።

የሜዲቴራንያንን እጮች በለካ ጊዜ ወደ ምሥራቅ በሄደ መጠን ትልልቅ ሆነው አገኛቸው፤ ከዚህም የተነሣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እንደሚመጡ ተረዳ። በአገራችንም ትንንሹ ኵብኵባ በታየበት ስፍራ የአንበጣው እንቍላል ሩቅ አይደለም። ሽሚት የጀርባ አጥንታቸውንም ቈጠረ። የአንዱ ዓሣ ቍጥር ብቻውን አያስረዳም ነበር፤ የብዙዎቹ አማካይ ግን ለኤውሮጳው ወደ 115፣ ለአሜሪካው ወደ 107 ሆኖ ሁለቱን ወገኖች ለየ።

በ1913 ማርግሬተ የተባለችው መርከቡ በካሪቢያን ባሕር ተሰበረች፤ ወዲያውም የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። የንግድ መርከቦች እጭ እየያዙ እንዲያመጡለት አደረገ፤ ከ1920 ጀምሮም ዳና በተባለች መርከብ ጉዞውን ቀጠለ። በመጨረሻም ከ10 ሚሊ ሜትር የሚያንሱትን እጮች በሳርጋሶ ባሕር አግኝቶ፣ የመራቢያው ስፍራ በዚያ መሆኑን አስታወቀ። በ1933 በ56 ዓመቱ ሞተ።

እንቍላሉን በዚያ ባሕር ውስጥ እስከ ዛሬ ያየ ሰው የለም። ሆኖም በ2022 የወጣ ጥናት ምልክት ሰጪ መሣሪያ የታሰረባቸው ዓሣዎች ሳርጋሶ መድረሳቸውን ገልጧል፤ ጉዟቸውም የተገመተው እንደ ገና በቍጥር ስሌት ነው።

ከእኛ መካከል ሒሳብ ለምን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ሽሚት ከመጀመሪያዪቱ እጭ እስከ 1922 ድረስ 18 ዓመት ለካ፤ ይህም የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው። ዓይን የማያየውን መንገድ በትዕግሥት የተሰበሰበ ቍጥር እንደሚያሳይ ከእርሱ ተምረናል።