ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የ1876ቱ የዐድዋ ውል

አንድ ደካማ መንግሥት ከታላቅ መንግሥት ጋር ሲዋዋል ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ለመረዳት ለምንሻ ተማሪዎች፥ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሕይወት ታሪክ የተሻለ ትምህርት አናገኝም።

ዐፄ ዮሐንስ ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ሲሆን፥ የሹም ተምቤን ምርጫ ልጅ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲጓዝ፥ ትግራይን ያስተዳድሩ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። መንገዱን አልዘጉበትም፤ ስንቅም እንዲገዛ ፈቀዱለት። ናፒየርም ጉዳዩን ፈጽሞ ከአገር ሲወጣ መድፍና ጠመንጃ ሰጣቸው። በዚህ መሣሪያ እየታገዙ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ዐድዋ አጠገብ ድል አደረጉ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። እንግሊዞች ቃላቸውን ይጠብቃሉ የሚለው እምነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በልባቸው ሳያድር እንዳልቀረ እንገምታለን።

በዚያው ዘመን ግብጾች ምጽዋንና ቦጎስን ይዘው ነበር። በ1868 ዓ.ም. ወደ ደጋው ቢወጡ በጉንደትና በጉራዕ ድል ሆኑ፤ ቦጎስን ግን አልለቀቁም። በ1875 ዓ.ም. እንግሊዞች ግብጽን በያዙ ጊዜ፥ በሱዳን ማህዲ ተነሥቶ የግብጽን ወታደሮች በየምሽጉ ከብቦ ነበር። እነዚህን ወታደሮች ለማውጣት የዐፄ ዮሐንስ እርዳታ ስላስፈለገ አድሚራል ሂወት ወደ ዐድዋ ተላከ፤ ውሉም ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ተፈረመ።

በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ የጦር መሣሪያ ሳይቀር ማንኛውም ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ ያልፋል። ዐፄ ዮሐንስም በበኩላቸው በከሰላ፥ በአሚዲብና በሰንሒት ያሉት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ምጽዋ እንዲደርሱ ይረዳሉ። ከግብጽ ጋር ጠብ ቢነሣ ነገሩን ለእንግሊዝ ንግሥት ያቀርባሉ። ነገር ግን ግብጾች ሲወጡ ምጽዋን ማን ይይዛል ለሚለው ጥያቄ በውሉ ውስጥ መልስ አልተጻፈም።

እውነቱን ለመናገር ቦጎስ በጊዜው ተመለሰ። ይሁን እንጂ ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ሲሆነው፥ በጥር 1877 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወታደሮች ምጽዋ ወረዱ። እንግሊዞች ወደቡን ፈረንሳዮች እንዳይዙት ስለፈሩ የኢጣሊያን መምጣት ፈቅደው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ከዚህም በኋላ ቃላቸውን አላጠፉም። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ወደ ከሰላ ዘምተው በኩፊት ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ ብዙ የኢትዮጵያ ሰውም ሞተ። ከሰላ ግን ቀደም ብላ በድርቡሽ እጅ ወድቃ ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ ልጆች ስለ ውሉ ደማቸውን ሲያፈሱ፥ የውሉ ዋና ጥቅም የነበረችው ወደብ በሌላ እጅ ከገባች ሰባት ወር አልፎ ነበር።

ኢጣሊያኖች ከምጽዋ ወደ ሰሐጢ ገፉ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮችን ከብበው አብዛኞቹን ፈጁ። በ1880 ዓ.ም. እንግሊዞች ጄራልድ ፖርታልን ለማስታረቅ ቢልኩም፥ የይቅርታና የመሬት ጥያቄ ይዞ ስለመጣ ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀበሉትም። ወደ ሰሐጢ ቢዘምቱም ኢጣሊያኖች ከምሽጋቸው አልወጡላቸውም። በዚያው ዓመት ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ ከድርቡሽ ጋር ጠቡን ያባባሰውም አንዱ ምክንያት ያ ውል ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሠራዊታቸው ወደ ድል በቀረበበት ሰዓት በጥይት ተመትተው ሞቱ። ያን ጊዜ ኢጣሊያኖች ያለ ብዙ ችግር አሥመራ ገቡ።

አንዳንዶች ዐፄ ዮሐንስ ተታለሉ ይላሉ። እኛ ግን ቃላቸውን በመጠበቃቸው አንነቅፋቸውም፤ ቃል መጠበቅ የንጉሥ ክብር ነውና። ከታሪካቸው የምንማረው ሌላ ነው። ታላቅ መንግሥት የሚረዳው ጥቅሙ እስካለ ድረስ ስለሆነ፥ የሚዋዋል ሁሉ በውሉ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ሳይጻፍ የቀረውንም መመርመር አለበት። ነገ የአገራችንን ጉዳይ በብዕር የምንይዝ ተማሪዎች ይህን ከአሁኑ ልናስብበት ይገባናል።