የልዕልት ፀሐይ አጭር ዕድሜ

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር በተሰደዱ ጊዜ የነርስነትን ሙያ መርጠው በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠለጠኑ። ለንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍ በዚያ ዘመን ቀላል ምርጫ አልነበረም። ጠላት ከተባረረ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ግን ብዙ አልቆዩም። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ዐረፉ።

ምጥ የሴት ዕዳ ተብሎ በሚታለፍበት አገር፣ የሴት ሥቃይ ሐኪም የሚያስጠራ ሕመም መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋ ነበር። ሙያውን የሚያውቁት ልዕልት ካልተረፉ፣ ከመንገድ ርቃ ለቀናት የምታምጠው ባላገር ምን ተስፋ ነበራት?

መታሰቢያቸው ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ በማሰባሰብ የደከሙለት ይህ ሆስፒታል፣ በኮልፌ ቀራንዮ አቅራቢያ የሚገኘው የዛሬው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አዋላጆችን ለማሠልጠን መጡ። በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ ከሰው የተገለሉ ሴቶች ወደ ደጁ ይመጡ ጀመር፤ ሐምሊኖችም የፊስቱላን ቀዶ ጥገና በዚያው ሆስፒታል ጀመሩ።