ከሐድያ ገራድ ቤት እስከ መርጡለ ማርያም

የሞጣ ስም ሲነሣ በዛሬው ሙስሊም አንባቢ ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተቃጠሉት መስጂዶች ጉዳይ ነው። የሚረሳም አይደለም። ሆኖም ከቢቸናና ከሞጣ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው መርጡለ ማርያም ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በአንዲት የሙስሊም ገዢ ልጅ እጅ እንደ ነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህች ሴት ንግሥት እሌኒ ናት። ስለ ንግሥትነቷ ሲተረክ የመጣችበት ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በእኛም በኩል ከእኛ ወጥታ እንደ ሄደች ተቆጥራ የተተወች ትመስላለች።

ሐድያ በ15ኛው ምዕተ ዓመት (ዘመኑ ከዚህ በኋላ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሙስሊም ገራዶች የሚያስተዳድሩት፣ ለክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት ግን የሚገብር አገር ነበር። የእሌኒ አባት ገራድ መሕመድ ልጁን ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434-1468) ሰጠ። በዚያ ዘመን የገዢ ልጅ የምትዳረው የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነው፤ እሷን የሚጠይቃት አልነበረም። ሃይማኖቷ ተለወጠ፤ የምትኖረውም ከሕዝቧ ርቃ በደጋው ቤተ መንግሥት ሆነ። በዚህም አላበቃም። ወንድሟ ማሂኮ አልገብርም ብሎ ባመፀ ጊዜ ባሏ ጦር አዘመተበት። ማሂኮ ተገደለ፤ ሹመቱም ለአጎቷ ለባሞ ተሰጠ። እንግዲህ የወንድሟን ገዳይ ጦር ያዘዘው ባሏ፣ የወንድሟን ወንበር የወረሰው አጎቷ ነው። በዚህ መካከል የምትቀመጥ ሴት ምን መውጫ አላት?

ልጅም አልወለደችም። በነገሥታት ቤት ልጅ ያልወለደች ሚስት ባሏ በሞተ ማግስት የምትረሳ ናት። ቤቱ ራሱ ደግሞ አስፈሪ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ልጃችንን ለማንገሥ አሲረሻል በማለት ከሚስቶቹ አንዷን ጽዮን ሞገሳን አስገርፎ ለሞት ያበቃ ንጉሥ ነው። ታዲያ የእሌኒ በር የተከፈተው ከዚሁ መከራ ውስጥ ነው። የጽዮን ሞገሳ ልጅ በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሥ እናት አልነበረውም፤ እሌኒም ልጅ አልነበራትም። ንጉሡ እንደ እናቱ አድርጎ ያዛት፤ የንጉሥ እናት የሚያገኘውን ክብርና ሹመትም ሰጣት። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሰው በሕግ፣ በመጻሕፍትና በቤተ መንግሥት ሥርዓት የነበራትን ዕውቀት ያመሰግናል። መካንነት እንደ ጉድለት በሚታይበት ዘመን እሷ ያልወለደችው ንጉሥ እናት ሆነች።

የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ከጉድጓድ ተነሥቶ ወደ ግምጃ ቤት የሚያደርስ መንገድ እንዳለ አይጠፋውም። እርግጥ ዩሱፍ ዲናቸውን ይዘው ነው የወጡት። እሌኒ የአባቷን ዲን ትታለች፤ እንዲያውም የግዕዝ የጸሎት ድርሰቶች በስሟ ይነገራሉ። ይህን ልዩነት መሸፋፈን አያስፈልግም።

ይሁንና የመጣችበት ቤት ጨርሶ አልተለያትም። ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ሁልጊዜ በሰይፍ ብቻ መነጋገር እንደማያዋጣ የምታውቅ እሷ ነበረች። ደጋው የሚፈልገው ጨርቅና ሌላም ዕቃ በዘይላ በኩል በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ይመጣል፤ የደጋው ወርቅና የዝሆን ጥርስም በዚያው ይወርዳል። መንገዱ ሲዘጋ የሚጎዳው ሁለቱም ወገን ነው። የታሪክ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ከአዳል ጋር ሰላም እንዲወርድ ከሚሹት ወገን ይቆጥሯታል። ባዕድ አድርጎ ያስቆጥራት የነበረው ትውልዷ በምክር ሰዓት ሌሎቹ መኳንንት ያልነበራቸው ዕውቀት ሆነላት።

ዐፄ ናዖድ በ1508 ሲሞት ልጁ ልብነ ድንግል ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። እሌኒ በዚያን ጊዜ አሮጊት ናት፤ ቢሆንም መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዘችው እሷ ናት። የዘይላው ማሕፉዝ በየዓመቱ በጾማቸው ወራት ይዘምትባቸዋል። ፖርቹጋሎች ደግሞ ከ1498 ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበሩ። እሌኒ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ወደ ፖርቹጋል ንጉሥ ላከች፤ በባሕርም በየብስም አብረን እንዝመት ማለቷ ነው። ማቴዎስ በ1512 ሕንድ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ ምጽዋ የወረደው በ1520 ነው። መልሱ ሲመጣ ወጣቱ ንጉሥ ማሕፉዝን ድል አድርጎ ስለ ነበር እምብዛም አላስፈለገውም። ፍሬው የታየው በ1541 ነው፤ አራት መቶ ያህል ፖርቹጋሎች ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ሊዋጉ ምጽዋ ወረዱ። በዚህ ጉዳይ ከእሌኒ ጋር አንስማማም። ዕድሜዋን ሙሉ የጎረቤትን በር ስታንኳኳ የኖረች ሴት በመጨረሻ የሩቁን መርከብ ጠራች። ግን ዙፋኑ በሕፃን እጅ፣ ጦሩ በደጃፍ ሆኖ ሳለ የቀረላትን በር አይታለች ማለትም ይቻላል።

ርስቷ በጎጃም ነበር፤ መርጡለ ማርያምንም ያሠራችው በዚያ ነው። አልቫሬዝ የተባለው የመልእክተኞቹ ቄስ እንደ ዘገበው በመሠዊያው ሥራ ላይ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቹጋላዊ ነበረበት። ይህም ሰው በ1490ዎቹ መጥቶ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ ነው፤ እሱም በእስር መሰል ኑሮው ሚስት አግብቶ፣ ርስት ይዞ፣ የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ኖሯል። ሕንፃው በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ተዘረፈ፤ የሐድያ ሙስሊም ልጅ ያሠራችውን ሙስሊም ጦር አወደመው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ኢየሱሳውያን እንደገና ሠሩት፤ የተቀረጸው ድንጋይ ፍርስራሽ እስካሁን አለ።

እሌኒ የሞተችው በ1522 ገደማ ነው። አልቫሬዝ በቤተ መንግሥቱ ሰፈር የነበረውን ለቅሶ አይቷል። እሷ ሳለች ሁሉም ሰው ጠባቂ ነበረው፣ አሁን ግን ትልቁም ትንሹም አብሯት ሞተ ይባል እንደ ነበር ጽፏል።