ሳሙኤል ቤከርና የካርቱም ጀልባዎች

ጥቁርና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበትን ሞግራንን የማያውቅ የማኅበራችን ቤተሰብ የለም። በ2023 ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስ ልጆቻችንን ይዘን የምንዝናናው እዚያ ነበር። ከ160 ዓመታት በፊት፣ በ1862፣ ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ ለረዥም ጉዞ ጀልባ ያሰናዳው በዚችው በካርቱም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤከር በ1821 ለንደን ተወለደ። አዳኝና ሀብታም እንጂ መርከበኛ አልነበረም። በኋላ ያገባትን ፍሎረንስን ያገኛት በዛሬዋ ቡልጋሪያ፣ በቪዲን ከተማ ለባርነት ልትሸጥ ቀርባ ሳለ ነው። ሁለቱ ካርቱም ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ያህል ከአገራችን በሚፈስሱት ወንዞች ዳር፣ በአትባራ፣ በሰቲት፣ በአንገረብ፣ በራሃድና በዲንደር ተዘዋወሩ። በጁን 1861 አንድ ሌሊት ደርቆ የነበረው አትባራ በድንገት ሞልቶ ሲወርድ አዩ። ቤከርም የግብፅን እርሻ የሚያለማው ጎርፍና ደለል ከኢትዮጵያ ተራሮች እንደሚመጣ ተረዳ፤ በ1867 ባሳተመው መጽሐፍም ጻፈው። በእኛ አስተያየት ከኋላው ግኝት ይልቅ ይህ ሊወሳለት በተገባ።

ካርቱም የገባው ጁን 11 ቀን 1862 ነው። አንድ ዳሃቢያና ሁለት ትልልቅ የጭነት ጀልባዎች፣ 21 አህዮች፣ 4 ግመሎች፣ 4 ፈረሶች፣ ብዙ እህልም አዘጋጀ። ይህ ሁሉ በገንዘብ ተገኘ። ያስቸገረው ሰው ማግኘቱ ነበር። መንግሥት ወታደር ስለ ከለከለው ከከተማው 45 ጠብመንጃ ያዦችና 40 መርከበኞች ቀጠረ፤ በጊዜው ግን በካርቱም ለነጭ ዓባይ ጉዞ የሚቀጠር ሰው ልማዱ ባሪያ ፍንገላና ከብት ዘረፋ ነበር። ቤከር ዘረፋን ከለከለ፤ የአምስት ወር ደመወዝ በቅድሚያ ከፈለ፤ ግብዣም አደረገላቸው። ዲሴምበር 18 ቀን 96 ሆነው ተነሡ። አብሮ የተሳፈረው ጀርመናዊው አናጢ ዮሐን ሽሚት ታምሞ ስለነበር በ31 መንገድ ላይ ሞተ።

ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ ጎንዶኮሮ ሲደርሱ ያ ሁሉ ደመወዝና ግብዣ አልጠቀመም። ሰዎቹ ከብት ካልዘረፍን ብለው ዐመፁ። በትኩሳት የተኛችው ፍሎረንስ ተነሥታ ገብታ አበረደችው እንጂ ደም ሊፈስ ነበር። በመጨረሻ አብረነው እንሄዳለን ያሉት 17 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ኋላ አሤሩበት።

ጸንተው የቀሩት ማንም ያልቆጠራቸው ሁለት አገልጋዮች፣ ሪቻርንና ሳዓት ናቸው። ሳዓት በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ተፈንግሎ የተወሰደ፣ በካርቱም ከሚሲዮን የተባረረና ፍሎረንስ ተቀብላ ያስተማረችው ልጅ ነበር። ማርች 14 ቀን 1864 አልበርት ብለው የሰየሙት ሐይቅ ዳር ሲደርሱ አብሯቸው ነበረ። ቤከር ለዚህ የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ እስከ 1893ም ኖረ። ሳዓት ግን በ1865 ወደ ካርቱም ሲመለሱ በጀልባው ላይ በወረርሽኝ ሞተ፤ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከግራር ሥር ቀበሩት። ጀልባዋ ሜይ 5 ቀን ካርቱም ገባች።