የገባህን ነገር ማንም አይወስድብህም፦ ስለ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር

ስለ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው አመፃቸው ነው። እውነትም ታሪካቸው ያለ ቦሩ ሜዳ አይነገርም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ አዘዙ። የተሰጠው ጊዜ 3 ዓመት ነበር። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ማለት ናቸው። ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው ሸፈቱ።

እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብዕራቸው ነው።

በዚያ ዘመን ልጅ ቁርኣን ቤት ሲገባ ከሐርፍ ይጀምራል። በእንጨት ሉህ የተጻፈለትን ይሸመድዳል፤ ሉሁ ይታጠብና ሌላ ይጻፍለታል። ቋንቋው ዐረብኛ ስለሆነ ያነበበው ምን እንደሚል ላያውቅ ይችላል። ትርጉሙ፣ ፊቅሁና ነሕዉ የሚመጡት በኋላ፣ ኪታብ መቅራት ሲጀምር ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ፣ የአንዱን ዓሊም ሐሳብ ከሌላው ማነጻጸር ያለው እዚያ ነው። እዚያ ሳይደርስ ወደ እርሻው የሚመለሰው ልጅስ?

ሼህ ጦልሃ ዐረብኛ የጠገቡ ዓሊም ሆነው ሳለ በአማርኛም ገጠሙ። ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ይህ አጻጻፍ ዓጀሚ ይባላል። ቁርኣን ቤት ፊደሉን የለመደ ልጅ በዚያው ፊደል የእናቱን ቋንቋ ያነባል ማለት ነው። ማንበብ የማይችለውም አልተረሳም፤ መንዙማው በድቤ ታጅቦ በጆሮው ይገባል።

ጊዜውን አስቡት። ሃይማኖትህን ቀይር የተባለ ሰው የሚያምነውን ለራሱ ማስረዳት አለበት። ኪታብ ሊወሰድ ይችላል፤ የገባህ ነገር ግን ብትሰደድም አብሮህ ይሰደዳል።

ሼህ ጦልሃ ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር የትምህርት ግቦችን በደረጃ አስቀመጠ። ከታች ማወቅ፣ ከዚያ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሽምደዳ መሠረት ነው፤ ቤት ግን በመሠረት ብቻ አያልቅም። የወሎ ዓሊሞች በመንዙማ ሁለተኛውን ደረጃ ለገበሬውም ለእረኛውም ከፍተውለት ነበር።

ዛሬ መንገዱ ቀሏል። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሟል፤ አሁን ስልካችሁ ላይም ታገኙታላችሁ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚቀራ ልጅም ሱራውን በዐረብኛ ይሸምድድ እንጂ የሚያስበው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ዛሬ የሐፈዙትን ሲያሰሟችሁ ማሻአላህ ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። ምን ይላል? ለምን ይመስላችኋል? ነገ ትምህርት ቤት ከጓደኛ ጋር ብትጣሉ ምን ታደርጉበታላችሁ? ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ቢዘገይም ታገሱ፤ ማሰብ የጀመሩት ያኔ ነው።