ቤትና መንገድ፦ የዴቪድ ሊቪንግስተን ሕይወት

ከእኛ መካከል አገር ማየትን የማይመኝ ወጣት ጥቂት ነው። ከተራራው ማዶ ያለውን ለማወቅ ልባችን ይነሣሣል። ደግሞም ትዳር መያዝን፣ ጎጆ መውጣትንና ልጅ ማሳደግን እንመኛለን። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ትምህርት የሚሰጠንን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ባጭሩ አቀርብላችኋለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1813 በስኮትላንድ፣ ብላንታየር በምትባል ስፍራ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ10 ዓመቱ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራ ነበር። ከመጀመሪያ ደመወዙ የላቲን ሰዋስው ገዝቶ፣ መጽሐፉን በመፍተያው መኪና ላይ እያስደገፈ በሥራው መካከል ያነብ ነበር። በዚህ ትጋት ተምሮ ሐኪምና ወንጌላዊ ሆነ። ወደ ቻይና ለመሄድ አስቦ ሳለ በዚያ ጦርነት ስለ ተነሣ፣ በ1841 ወደ ደቡብ አፍሪካ መጣ።

በ1844 አንበሳ ይዞ የግራ ክንዱን ሰበረው። ለማገገም ኩሩማን ወደሚባለው የሚሲዮን ጣቢያ በሄደ ጊዜ የወንጌላዊውን የሮበርት ሞፋትን ልጅ ሜሪን ተዋወቀ፤ በ1845ም ተጋቡ። ሜሪ በአፍሪካ የተወለደች፣ የአገሩን ቋንቋ አሳምራ የምትናገር ሴት ነበረች።

ዛሬ ቦትስዋና በምትባለው አገር፣ በኮሎቤንግ ወንዝ ዳር፣ ሊቪንግስተን ቤት ሠራ። እርሱ ያስተምራል፣ ያክማል፣ አናጢም አንጥረኛም ይሆናል፤ እርሷ ሻማና ሳሙና ትሠራለች፣ ልብስ ትሰፋለች፣ ሕፃናትን ታስተምራለች። የባክዌና አለቃ ሴቼሌም በዚያ በ1848 ተጠመቀ። ባልና ሚስቱ የራሳችን ብለው አብረው የኖሩበት የመጨረሻው ቤት ይህ ሆነ።

የሊቪንግስተን ዓይን ዘወትር ወደ ሰሜን ይመለከት ነበርና። በ1849 የካላሃሪን በረሃ ተሻግሮ ንጋሚ ሐይቅ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱንና መንገዱን ለማስማማት አንድ ዘዴ አሰበ፤ ይኸውም ቤተ ሰቡን በበሬ ሠረገላ ጭኖ ይዞ መሄድ ነው። ሜሪ ነፍሰ ጡር ነበረች። በመንገድ ልጆቹ በንዳድ ታመሙና ተመለሱ፤ ከጉዞው በኋላ የተወለደችው ኤልሳቤጥም ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ኖራ ሞተች። የሜሪ እናት ይህ ነገር እንዳይደገም ብርቱ ተግሣጽ ጻፉለት። እርሱ ግን በ1851 ሜሪን ዳግመኛ ፀንሳ ሳለች ይዟት ተነሣ። በበረሃው ውኃ አልቆ ልጆቹ በጥም ለመሞት ጥቂት ቀራቸው፤ በመልሱም ጉዞ አንድ ወንድ ልጅ በወንዝ ዳር ተወለደ።

ይህ ዘዴ እንዳላዋጣ በተረዳ ጊዜ ሌላ መረጠ። በ1852 ሚስቱንና አራት ልጆቹን ከኬፕ ታውን በመርከብ ወደ ብሪታንያ ሰደዳቸው። ሁለት ዓመት ይሆናል የተባለው መለያየት ከአራት ዓመት በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት የኮሎቤንጉ ቤት በቦር ተዋጊዎች ተዘረፈ። ሊቪንግስተን አፍሪካን ከምዕራብ ዳርቻ እስከ ምሥራቅ ዳርቻ አቋርጦ፣ የአገሩ ሰዎች ሞሲ ኦ ቱኛ የሚሉትን ታላቅ ፏፏቴ በ1855 አይቶ፣ በ1856 በክብር አገሩ ገባ። እርሱ በሄደበት ጊዜ ሁሉ ግን ሜሪ ልጆቿን ይዛ በችግር ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ነበር የቆየችው።

በ1858 ወደ ዛምቤዚ ወንዝ በተመለሰ ጊዜ ሜሪ ከእርሱ ጋር ብትነሣም ፀንሳ ስለ ነበረች ከወላጆቿ ዘንድ ቀረች። በዚያ የተወለደችውን ልጁን መጀመሪያ ያያት በ1864 አምስት ዓመት ሆኗት ነው። ሜሪ በ1862 መጀመሪያ ዛምቤዚ ድረስ መጣችለት፤ ነገር ግን ሦስት ወር ያህል ቆይታ ሹፓንጋ ላይ በንዳድ ሞተች። ብዙ መከራ ያላስለቀሰው ሰው በዚያን ቀን አለቀሰ። በኩር ልጁ ሮበርት አባቱን ፍለጋ አፍሪካ ድረስ መጥቶ ሳያገኘው ቀረ፤ ከዚያም አሜሪካ ገብቶ፣ ስሙን ለውጦ በእርስ በርሱ ጦርነት ተሰለፈና በ1864 ተማርኮ በ18 ዓመቱ ሞተ። ሊቪንግስተን ራሱ፣ ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ ሥራ እያደከመው ማታ ማታ ከእነርሱ ጋር ባለመጫወቱ እንደ ተጸጸተ ጽፏል።

በ1866 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጣ። በ1871 በንያንግዌ ገበያ የባሪያ ነጋዴዎች ሕዝብ ሲፈጁ አይቶ የጻፈው የዓለምን ሕሊና ቀሰቀሰ። በግንቦት 1873፣ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር፣ ከአልጋው አጠገብ እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዛንዚባር የባሪያ ገበያ ተዘጋ። ታማኞቹ ቹማና ሱሲ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ልቡን በዚያ ቀብረው፣ ሬሳውን ለወራት ተሸክመው ባሕር ዳር አደረሱት፤ በ1874ም በለንደን ዌስትሚንስተር ተቀበረ። እንግዲህ የእርሱ ልብ በዛምቢያ፣ አጥንቱ በለንደን፣ ሚስቱ በዛምቤዚ ዳር፣ ልጁ በአሜሪካ ነው። በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ሰዎች በመቃብር እንኳ አልተገናኙም።

ወጣቶች ሆይ! ይህን የጻፍሁት ሊቪንግስተንን ለመንቀፍ አይደለም። ድካሙ ለብዙ ባሪያዎች ነፃነት ረድቷል። ነገር ግን የመንገዱን ዋጋ ከእርሱ ይልቅ የከፈሉት፣ መንገዱን ያልመረጡት ልጆቹ ናቸው። መንገድን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ብዙ አገር ዞረ፤ እርሱ ግን ሚስትና ልጅ በኋላው አልተወም። አቂላና ጵርስቅላ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከዚያም ወደ ኤፌሶን አብረው ሄዱ፤ ድንኳን እየሰፉም ቤታቸውን ለክርስቲያኖች ጉባኤ ከፈቱ። ሁለቱም ስለ ተስማሙ ቤታቸው አልፈረሰም።

ስለዚህ ከጋብቻ በፊት ልባችን የሚሄድበትን ለእጮኛችን በእውነት እንንገር። ካገባን በኋላም ስንቅ ስናዘጋጅ፣ ከቤት የሚቀረው ሰው ምን እንደሚሸከም አስቀድመን እንጠይቅ። መልሱ የሚያሳዝን ከሆነ፣ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ማቆየት ሽንፈት አይደለም፤ አገሩ ይጠብቀናል፣ ሕፃን ግን ሕፃን ሆኖ አይጠብቀንም። ለዚህ ማስተዋልን እግዚአብሔር ይስጠን። አሜን።