ወደ ታች ያነጹት ንጉሥ

በቆቦ ሜዳ ደጋሌት ማሽላ ቁመቱ ሲረዝም ገበሬው የሚሰጋው ከንፋስ ነው። ዛላው ከላይ ይከብዳል፤ አገዳው ከታች ይታጠፋል። የሕንጻ ሕግም ከዚህ አይርቅም። አንድ ግንብ በርዝመቱም በወርዱም በቁመቱም እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ የሚያርፍበት ስፍራ ግን የሚሰፋው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ንፋሱም ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይበረታል።

ከሜዳው በስተምዕራብ በላስታ ተራሮች የነገሡት ቅዱስ ላሊበላ ይህን ጫና በሌላ መንገድ አልፈውታል። በሮሃ ሲወለዱ ንቦች እንደከበቧቸው፣ ስማቸውም ከዚያ እንደመጣ ይተረካል። ወንድማቸው ሐርቤ በነገሡበት ዘመን መከራ እንደተቀበሉ፣ ኢየሩሳሌምንም እንዳዩ ገድላቸው ያወሳል። እ.ኤ.አ. በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከባለቤታቸው ከመስቀል ክብራ ጋር በዙፋን ተቀመጡ።

ከእርሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ አክሱም ላይ 33 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከ5 ሺህ ኩንታል በላይ የሚመዝን ሐውልት ተጠርቦ ነበር። ለቁመቱ የሚበቃ እግር ስላልነበረው ወድቆ ተሰባብሯል። ቤተ መድኃኔ ዓለምም ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው፤ እርሱ ግን ተጋድሟል፤ ከፍታውም 11 ሜትር ያህል ነው።

የራያ ሜዳ ጎርፍ ያመጣው ደለል በመሆኑ እንዲህ ያለውን ሥራ አይቀበልም። የላስታው ቀይ አለት ግን በመሮ ይጠረባል። ጠራቢዎቹ ዙሪያውን ቆፍረው አለቱን ለዩት፤ ከጣሪያው ጀምረው ወደ ወለሉ ወረዱ። የሚነሳ ድንጋይ፣ የሚጣል መሠረት አልነበረም፤ አለቱ ክብደቱን ቀድሞም ችሎት ኖሯል። አንድ ዓምድ በስህተት ቢቆረጥ ግን ምትክ የለውም። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዘመን አላለቁም የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ይህ የንጉሡን ስም አያሳንሰውም።

ወደ ታች መሄድም የራሱ ወሰን አለው፤ እርሱም ውኃ ነው። 12 ሜትር ያህል በሚጠልቀው በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ የሚወርደው ዝናብ መውጫ ይፈልጋልና የውኃ መውረጃ ቦዮች አብረው ተጠርበዋል። ያም ሆኖ እርጥበት አለቱን ሰንጥቆታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ ረጃጅም የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። የምሰሶዎቹ ክብደትና ጣሪያውን የሚገፋው ንፋስ ግን ነዋሪዎቹን ለዓመታት ሲያሳስብ ቆይቷል።

የቅዱስ ላሊበላ በዓለ ዕረፍት የሚከበረው ሰኔ 12 ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው።